አባቴ የጻፉትን ማንበብ ያቃታቸው ጊዜ

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ ለረጅም ዘመን የአንደኛ ክፍል መምህር ነበሩ። ግማሹ ከተማ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው ማለት ይቻላል፤ እኔም ጭምር። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ጠዋት ጋዜጣ ዘርግተው፣ "ይህን በምን ቋንቋ ነው የጻፉት?" አሉኝ። ባየው አማርኛ ነው።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ሲነሱም የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻቸው ገጩት። ያኔ ደነገጥኩና በዚያው ቀን ደሴ ይዣቸው ሄድኩ።

ሐኪሟ የጭንቅላት ምርመራውን ውጤት ካየች በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው።

"አባባ፣ እስኪ ስለ ከተማዎ አንድ ነገር ይጻፉልኝ።"

በዚያ የሰሌዳ ጽሕፈታቸው "የመካነ ሰላም ብርድ አይጣል ነው" ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ወሰደችና ጥቂት ቆይታ መለሰችላቸው።

"አሁን ያንብቡልኝ።"

አገላበጡት። "የማን ጽሕፈት ነው?"

አንድ የደም ሥር ተዘግቶ አንጎላቸው ከኋላ በኩል ተጎድቷል። "ዓይናቸው ፊደሉን ያያል፤ ቋንቋ የሚያውቀው ክፍልም ደህና ነው" አለችኝ። "የተቋረጠው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ንግግር በጆሮ በኩል ስለሚገባ ይሰማሉ፤ እጃቸውም መጻፍ አልረሳም።"

ቤት ስንመለስ ጎረቤት ሁሉ "አፊያ ይስጥዎ" ሊላቸው መጣ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ እጃቸው ነበር። እንግዳው ሲሄድ፣

"አባዬ፣ እስኪ ዓይንዎን ይጨፍኑ" አልኳቸውና መዳፋቸው ላይ በጣቴ ጻፍኩ።

"ገ" አሉ ወዲያው። "በ... ያ። ገበያ!" ዓይናቸውን ገለጡ። "ድገሚው እስኪ።"

ከዚያ በኋላ እኔን አልፈለጉም። የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ፣ እጃቸው ያወቀውን አፋቸው እየጠራ፣ ጋዜጣቸውን ጀመሩ። አንዱ ዓምድ ረፋዱን ይፈጃል፤ ግን ያልቃል።

ባለፈው ወር ለክትትል ደሴ ሄደን ስንመለስ መናኸሪያው ተጨናንቆ ነበር። እኔ የመካነ ሰላም ነው ብዬ ተጋፍቼ አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ቦታ ያዝኩ። እሳቸው ውጭ ቆመው የሚኒባሱ ታፔላ ላይ እያፈጠጡ ጣታቸውን ጭናቸው ላይ ያንቀሳቅሳሉ።

"አባዬ፣ ይግቡ እንጂ፣ ሊሞላ ነው!"

"ደጎሎ ነው የሚለው" አሉኝ። "ውረጂ፣ ልጄ።"

ወረድኩ። እውነትም ደጎሎ ይላል።