ቅርንፉድ ሻጯ ባሕር ስትገባ

ጎረቤቴ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ያሳደገችው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ፣ እርድና ቅርንፉድ በሲኒ እየሰፈረች ነው። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን፤ አጥራችን ግን አንድ ነው። እኔ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ከሥራ ስገባ ጎራ ብዬ የደም ግፊቷን እለካላታለሁ፤ እሷም የገበያውን ወሬ ታወራኛለች። እንዲህ ሆነን ነው ያረጀነው።

ልጇ እኔም ጉያ ውስጥ ያደገች ናት። ዓረብ አገር ሄዳ ሠራች፣ ከዚያ ዛንዚባር አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባች፣ በመጨረሻ ፔምባ በምትባል ሩቅ ደሴት ላይ ያለ የጠላቂዎች ሪዞርት የወጥ ቤት ኃላፊ ሆነች። እዚያው የደሴቲቱን ተወላጅ አገባች። ሥራው እንግዶችን እየመራ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ነው። ኒካሑ ሲታሰር እናትየዋ በስልክ ነበር የሰማችው። «መብሩክ» ብላ ዘጋችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች።

«ባሕር ውስጥ ውሎ የሚገባ ሰው ሥራው ምን ይባላል?» ትለኝ ነበር። «ነጋዴ አይደል፣ ገበሬ አይደል፣ ዓሣ እንኳ አያጠምድም። ገብቶ፣ አይቶ፣ መውጣት!»

ስለ አማቿ ሲነሳ ስሙን አትጠራም፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የምትለው።

ባለፈው ዓመት ልጅቷ ለእኔ ደወለች። «እንግዳ የሚቀንስበት ወቅት ስለሆነ የሪዞርቱ ባለቤት አንድ ክፍል ለእናቴ ፈቅዶልኛል። ግን አንቱ ካልመጡ አትመጣም። ደግሞ ግፊቷ አለ። እባክዎ ይዘውልኝ ይምጡ።»

የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጠያይቀን በሚኒባስ ባሕር ዳር ወረድን፣ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዛንዚባር። ወደ ፔምባ የምትሻገረው አውሮፕላን ግን ከሚኒባሳችን ብዙም አትበልጥም ነበር። ጎረቤቴ ዱዓዋን ታደርጋለች፣ እኔ ማተቤን ይዤአለሁ። ከእኛ ፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ አየንና ሳቀ።

አማቿ ከልጅቷ ጋር አየር ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ «ሺካሞ» አላት።

«ምን አለ?» ስትል ጠየቀች ጎረቤቴ።

«እግርዎን ይዣለሁ ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «እዚህ ትልቅ ሰው ሰላም የሚባለው እንደዚህ ነው።»

እኔ ደስ አለኝ። የእኛ አገር ሰው ጉልበት እንደሚስመው መሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሰውየው ያጠናትን አማርኛ አወጣት፦ «እንደምን አደሩ!» ከሰዓት በኋላ ነበር። ጎረቤቴ ሳታየው «አልሐምዱሊላህ» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች።

መንገዱ በኮረብታዎች መሐል ይጠማዘዛል። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የሙዙና የኮኮነቱ ብዛት ለእኛ ለደጋ ሰዎች ጉድ ነው። ከአንድ መንደር ስንደርስ በመስኮቱ ሽታ ገባ። እኔ ገና ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጎረቤቴ የልጇን ትከሻ ጨበጠች።

«አስቁሚው! ቁም በይው!»

ወረደች። አስፋልቱ ዳር ዳሩን፣ ዓይን እስከሚያየው ድረስ፣ ሰሌን ተነጥፎ ቅርንፉድ ተሰጥቷል። ገና የተለቀመው አረንጓዴና ቀይ ነው፤ ፀሐይ የጠገበው ጠቁሯል። ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ ቅርንፉድ የሸጠች ሴት ከመሬት ቁጢጥ አለችና በሁለት እጇ ዘገነች። አንዱን ፍሬ በጥፍሯ ጫን ስታደርገው ዘይቱ ወጣ። አሸተተችው። ከዚያ ሳቀች፤ ከደብረ ታቦር ከወጣን ገና መሳቋ ነበር።

«እኛ ጋ የሚደርሰው እኮ ሬሳው ነው!» አለችኝ። «ይኸ ነው ቅርንፉድ። የት ነው ዛፉ?»

አማቿ ከመንገዱ በላይ ያለውን ጫካ አሳያት። ቀና ብላ ብዙ አየች። የአበባ እንቡጥ መሆኑን፣ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ በእጁ እንደሚለቅመው ልጇ ስትተረጉምላት አፏን ይዛ አዳመጠች። ቅርንፉዱን የምታገላብጥ ሴት መጥታ ከደረቀው ጨምራ እጇ ላይ ሞላችላት። አንድም ቃል አልተግባቡም፤ ግን ሁለቱም ስለ አንድ ነገር እያወሩ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር።

ሪዞርቱ ከባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ በኮኮነት ቅጠል የተከደኑ ጎጆዎች አሉት። እኔ እንዲህ ያለ ውሃ አይቼ አላውቅም። ጣናን አውቃለሁ፤ ጣና መልኩ እንደ መሬቱ ነው። ይኼኛው ግን ከዳር ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ይሆናል። ጠዋት በር ድረስ መጥቶ የነበረው ባሕር ረፋዱ ላይ ጥሎ ይሸሻል። ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው ባዶውን አሸዋ ተሻግረው ይሄዳሉ፤ በገመድ ላይ የሚያለሙትን የባሕር ሣር ለማየት ነው። ባሕሩ ሲመለስ እነሱም እየዘፈኑ ይመለሳሉ።

ምግቡም አቀራረበን። አገራችን ድግስ ሲኖር የእስላሙ ሥጋ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ነው፤ እኔና እሷ በአንድ ትሪ ሥጋ ተቋድሰን አናውቅም። እዚያ ግን ልጇ በየቀኑ ዓሣ በኮኮነት ወተት ሠርታ አንድ ሳህን ላይ አቀረበችልን። ዓሣ የሁላችንም ነው። እጃችን ሳህኑ ላይ ሲገናኝ ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝና «ይኸን ሁሉ ዘመን የት ነበርን?» አለች። ኦክቶፐስ ሲመጣ ግን እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ ያን ሁሉ እግር ሃይማኖቴም ሆዴም አልተቀበለውም።

የመጀመሪያው ቀን ማምሻ ላይ ከመንደሩ መስጊድ አዛን ተሰማ። ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። አዳመጠችና «እንደኛው ነው» አለች። «ቤቴ ያለሁ መሰለኝ።»

በማግስቱ አማቿ ወደ እናቱ ቤት ወሰደን። አሮጊቷ እናት ግቢዋ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ቅርንፉዱን ከእንጨቱ ትለያለች። ጎረቤቴ ሰላም እንዳለች አጠገቧ ተቀመጠችና ሳትጠየቅ መልቀም ጀመረች። ሁለቱ እናቶች እስከ ምሳ አንድ ላይ ለቀሙ። አሮጊቷ በአገሯ ቋንቋ ታወራለች፣ የእኛዋ በአማርኛ ትመልሳለች። ልጅቷ ልትተረጉም ስትል ሁለቱም በእጃቸው ከለከሏት።

አማቿን ግን አሁንም አታየውም። እሱ በተገናኙ ቁጥር፣ ቀንም ይሁን ማታ፣ «እንደምን አደሩ» ይላታል። አንድ ቀን ጀልባው ላይ ይዟት ሊሄድ፣ ባሕሩን ሊያሳያት እንደሚፈልግ በሚስቱ በኩል ጠየቀ።

«ከወንድ ፊት ውሃ ልገባ? አስተግፊሩላህ!» አለች።

እኔ አገር ቤት ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃ ትዝ አለኝ። ጉልበቷን ሲያማት እዚያ ይዣት ሄጄ ነበር፤ ሴቶቹ ለብቻ ስንገባ ከማንም በፊት የምትዘፈዘፈው እሷ ነበረች። ለልጅቷ በጆሮዋ ነገርኳት፦ «ውሃውን አይደለም የፈራችው። ሴቶች ብቻ ከሆኑ ትገባለች።»

ልጅቷ ይህን ለባሏ ነገረችው። በበነጋው ጀልባው ተዘጋጅቶ ስናየው የባሕር ሣር የሚያለሙት ሴቶች ካንጋ የሚሉትን ባለ ቀለም ኩታቸውን ጠቅልለው ሞልተውበታል። የአማቿ እህትም ከእነሱ ጋር ነበረች። እሷ በልጅነቷ ከወንድሟ ጋር ያደገችው ውሃ ውስጥ ነው። ከሴቶቹ ሌላ ጀልባው ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ኮራል የሚባለው የባሕር ሥር ድንጋይ ወደ ላይ ከፍ ወደሚልበት፣ ውሃው ለቆመ ሰው ደረት ላይ ወደሚደርስበት ቦታ ወሰደን። መልሕቁን ጣለ፤ መሰላሉን አወረደ፤ ላይፍ ጃኬቱን ለእህቱ ሰጣት። ከዚያ ወደ ጀልባው አፍንጫ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ ክፍት ባሕር መልሶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

ሴቶቹ እንደለበሱ አንድ በአንድ ገቡ፤ እኔና ልጅቷም ተከተልን። ጎረቤቴም በመጨረሻ «ቢስሚላህ» ብላ በመሰላሉ ወረደች። ውሃው ሲነካት ጮኸች፤ ወዲያው ደግሞ «ሞቃት ነው! ሞቃት ነው!» ብላ ተደሰተች። የአማቿ እህት እጇን ይዛ፣ በሻሿ ላይ የመጥለቂያውን መነጽር አሰረችላትና ፊቷን ወደ ውሃው እንድትነክር አሳየቻት። እኔ በሌላ በኩል ያዝኳት።

ፊቷን ነከረች። አልነሳ ስትለኝ ደንግጬ ልጎትታት ስል ቀና አለች።

«ሱብሐነላህ! ነይ፣ ነይ አንቺ፣ ግቢና እዪ!»

ነከርኩ። ከእግራችን ሥር አገር አለ። ድንጋይ የመሰለኝ ሁሉ ሕያው ነው፤ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ሐምራዊና ቢጫ። ዓሦቹ እንደ ሠርግ አጃቢ በአንድነት ይዞራሉ። ጎረቤቴ በቅመሟ ነው የምትጠራቸው፦ «ያቺ እርድ ውስጥ የተነከረች ናት! ይኸ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ነው!» ሴቶቹ ቋንቋዋን ባያውቁም ደስታዋን እያዩ አብረው ይጮኻሉ።

መጮህ ስታበዛ ማዕበል አፏ ውስጥ ገባ። አነቃት፤ ሳል ያዛት፤ ልጇ «እማ!» ብላ ጮኸች። እኔ ደረቷን ደግፌ ቀና አደረግኋት። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ዓይኔ ወደ ጀልባው ሄደ። አማቿ ቆሟል፤ የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል፤ በቋንቋው ሚስቱን በጩኸት ይጠይቃል። ግን አልዞረም። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት፣ ጥላ የለውም፣ ላቡ በሸሚዙ ላይ ወርዷል። ሚስቱ «ደህና ናት» ስትለው ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

ጎረቤቴም አየችው። ሳሏ ካቆመ በኋላ ውሃው ውስጥ ቆማ ብዙ አየችው።

ክፍላችን ገብተን ፀጉሯን ስታደርቅ «አየሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«አንገቱን። ሊዞር እየፈለገ ያልዞረ አንገት።» ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እኔን አክብሮ ነው። ልጄ ያለችው በዚያ ዓይነት ሰው እጅ ነው፤ እኔ ግን ልቤን ዘግቼበት ኖርኩ።»

ማምሻውን እራት ላይ ሲመጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ «እንደምን አደርክ፣ ልጄ?» አለችው። የልጅቷ ማንኪያ ከእጇ ወደቀ።

ባሕሩን ካየሁ ጀምሮ እኔ አንድ ምኞት አድሮብኝ ነበር። አማቿን «እኔስ ጠልቄ ማየት እችላለሁ?» ብዬ አስጠየቅሁት። ከመጥለቅ በፊት ዳር ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ፣ በአፍ መተንፈስን፣ አፍንጫን ይዞ ጆሮን ማስተንፈስን፣ መነጽር ውስጥ የገባ ውሃን ማውጣትን አስተማረኝ። አይቸኩልም፤ አይቆጣም። ስደነግጥ «ፖሌ ፖሌ» ይለኛል፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ያን ቃል እስከ ዛሬ ምጥ ለያዛቸው ሴቶች በልቤ እላቸዋለሁ።

ከዚያ የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሜ እጁን ይዤ ገባሁ። የሰውን ትንፋሽ ሳዳምጥ ነው የኖርኩት፤ የራሴን እንዲያ ጎልቶ ሰምቼው ግን አላውቅም። ከላይ ሲታይ ሜዳ የነበረው ኮራል፣ ከጎኑ ሲታይ ገደል ሆነ። ገደሉ ሙሉ አብቧል። የባሕር ኤሊ ከሥራችን ተነስታ፣ ክንዷን እንደ ክንፍ እየዘረጋች፣ አጠገባችን ሳትቸኩል አለፈች። ፍርሃቴ መቼ እንደሄደ አላውቅም። የማስታውሰው ስስቅ በከንፈሬ ጨዋማ ውሃ መግባቱን ነው።

ስንወጣ ጎረቤቴ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ነበር። ከእኛ የሚወጣውን አረፋ ስትከተል ነው የቆየችው። እኔን ትታ በአማቿ ላይ ጣቷን ቀሰረች።

«ምን አስቆየህ አንተ! ልቤን አወጣኸው እኮ! ሁለተኛ እንዲህ ታደርጋለህ?»

ሰውየው ቃሉ ባይገባውም ቁጣው ገብቶታል። አንገቱን ደፍቶ ሚስቱን አየ። ሚስቱ እያለቀሰች ትስቃለች። እናቷ እንደዚያ የምትቆጣው የራሷን ሰው ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

የመመለሻችን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ሁለቱንም አሸዋው ላይ ፊቷ አስቀመጠቻቸው። የአማቿም እናት መጥታ ነበር። ጎረቤቴ እጆቿን ዘረጋች። «በስልክ ያልሰጠኋችሁን ዛሬ ልስጣችሁ» ብላ መረቀቻቸው፤ በአማርኛም በዓረብኛም። አሮጊቷ «አሚን» አለች፣ እኔ «አሜን» አልኩ። አማቿ መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ሳያነሳ ቆየ።

ልጅቷ ማርገዟን የነገረችን ያኔ ነው።

መውለጃዋ ሲደርስ ጎረቤቴ ብቻዋን ሄደች፤ እኔ ፈቃድ አላገኘሁም። አራስ ልጠይቅ ብላ የሄደች ሴት እስካሁን አልተመለሰችም። ሱቋን የእህቷ ልጅ ይዛዋለች። ትናንት ደውላ ሕፃኗ ጡት አልይዝ ብላ እንደነበር፣ አሁን ግን እንደያዘች ነገረችኝ። እኔ ስለ እምብርቷ፣ ስለ ሙቀቷ፣ ስለ እናቷ መድማት ጠየቅኋት። ሁሉንም በትዕግሥት መለሰችልኝ፤ ከዚያ አቋረጠችኝ።

«ቆይ፣ ባሕሩ እየሸሸ ነው። ሴቶቹ እየጠሩኝ ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።