የደዋዖ የግራ ወንበር

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ቱሊ ጉሌድ ደርሼ ስመለስ ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። በእኛ በጅጅጋ አካባቢ ብዙው መኪና ከድንበር ማዶ ስለሚመጣ መሪው በቀኝ ነው፤ መንገዱ ግን እንደ አገሩ ሁሉ በቀኝ የሚነዳበት ነው። ስለዚህ ከፊት የጭነት መኪና ከተደነቀረ ሹፌሩ ከወዲያ የሚመጣውን ማየት አይችልም። የሚያይለት በግራው የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሐሳቤን ጥዬ የማሽላውን ማሳ አያለሁ። «እህቴ፣ እዪልኝ እንጂ! ለጌጥ ነው እንዴ ጋቢና የገባሽው?» አለኝ ሹፌሩ። ደንግጬ አንገቴን አሰገግኩ። «ቆይ... ቆይ... አሁን ሂድ!» አልኩት፤ ሄደ። ወዲያው ሳቄ መጣ፤ ብይዘው ብይዘው እምቢ አለኝ። ሰውየው እብድ ያሳፈረ ሳይመስለው አልቀረም። ምን ላድርግ፣ አዴር ፋራህና ኤዶ ከድራ ትዝ ብለውኝ ነው።

ጅጅጋ በመምህርነት ስመደብ ሃያዎቹን አጋምሼ ነበር። ዛሬ ሠላሳ ሦስት ነኝ። በዚህ ዕድሜ ምን ትዝታ አለሽ የሚለኝ ካለ ሁለት ልጅ ያሳድግና ይምጣ፣ እንነጋገራለን። የተከራየሁት ክፍል እነሱ ግቢ ውስጥ ነበር። አዴር በሶማሊኛ የአባት ወንድም፣ ኤዶ ደግሞ የአባት እህት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ባልና ሚስቱን እንዲህ ብሎ ነው በአክብሮት የሚጠራቸው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ፣ እንደ አስተዳደጌ «እርስዎ፣ እርስዎ» ስል ኤዶ ከድራ ዞራ ከኋላዋ ተመለከተችና «መዓሊማ፣ ስንት ሰው ነው የሚታይሽ? እኔ እኮ አንድ ነኝ!» አለችኝ። መዓሊማ ያለችው መምህርነቴን ነው። ከዚያ ወዲያ ከሁለቱም ጋር አንተና አንቺ ሆንን።

ችግሩ እነሱ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ከአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፣ ቃል ግን የለም። መልእክት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ላሆሁን፣ የሶማሌውን ስስ እንጀራ፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር ይዘን ስንቀመጥ አዴር ፋራህ፣ «መዓሊማ፣ ሻሂው ስኳር አንሶታል በያት» ይለኛል። ሴትዮዋ እኮ አጠገቡ ናት! «ስኳሩ ፊቱ ነው፣ እጅ አለው በይው» ትለኛለች። «እጅ አለህ ትልሃለች» እላለሁ። ሻሂዬ እንደዚህ እየቀዘቀዘ ስንት ጠዋት እንዳለፈ አላውቅም።

የጸቡ ምክንያት ግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ አሮጌ የስፖርት መኪና። ድሮ ቀይ ነበረች ይላሉ፤ እኔ ስደርስ ፀሐይ መጥጧት የድድ ቀለም ይዛለች። የፊት መብራቶቿ እንደ ዓይን ከኮፈኑ ብቅ የሚሉ ዓይነት ሲሆኑ አንደኛው ተከፍቶ በዚያው ቀርቷል። እዚህ አገር ሰውም መኪናም ያለ ቅጽል ስም አይኖርም። እሷም «ደዋዖ» ትባል ነበር፤ ቀበሮ ማለት ነው። ቀበሮዋ ሆድ ውስጥ ግን የሚኖሩት ዶሮዎች ነበሩ፤ አውራው በሹፌሩ ወንበር፣ ሌሎቹ ከኋላ።

አዴር ፋራህ በጉልምስናው ከጅጅጋ ወደ ድንበሩ ጫት የሚያበር ሹፌር ነበር። ነጋዴዋ ራሷ ኤዶ ከድራ ናት። የኋላውን ወንበር አውጥተው ጫቱን ይሞሉና እሱ በቀኝ እሷ በግራ ሆነው ይከንፋሉ። «ሂድ» ስትለው ይሄዳል፣ «ቆይ» ስትለው ይቆያል። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አንድ ቀን ግን ረፍዶባቸው ነበርና እሷ «ቆይ!» እያለችው ከፊታቸው የነበረ የጭነት መኪና ሊያልፍ ከኋላው ወጣ። ከፊት ግመል የጫነ መኪና መጣ። ደዋዖ መንገድ ለቃ ማሽላ ውስጥ ተዘፈቀች። ሰው አልተጎዳም፤ ጫቱን ግን የመንደሩ ፍየሎች ተጠራርተው ጨረሱት። ፍየሎቹ ያን ሌሊት ዓይናቸውን ሳይከድኑ አነጉ እያለ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይስቃል።

ከድራ ግን አልሳቀችም። «ቆይ አላልኩህም?» አለችው። ይቅርታ ቢላት እዚያው ባለቀ። እሱ ግን «ሹፌሩ እኔ ነኝ» አላት። ከዚህ የባሰ ሞኝ መልስ ሰምቼ አላውቅም! «እንግዲያው ብቻህን ንዳ» ብላው ወረደችና በእግሯ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም። እሱም ደዋዖን ጎትቶ አምጥቶ ግቢ ውስጥ አቆማት፣ ተመልሶ መሪዋን አልነካም።

በዚያን ሰሞን የከተማው ወጣቶች እሑድ እሑድ ጠዋት አሮጌ መኪኖቻቸውን ይዘው ከከተማው ውጪ ወዳለው ሜዳ መውጣት ጀምረው ነበር። ጂላል የሚሉት ደረቁ ወቅት ነው፤ ሣሩ ነድዶ፣ መሬቱ ጠንክሮ፣ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጎማና በርሜል ደርድረው መዞሪያ ያበጁና በስልክ ሰዓት እየያዙ ይወዳደራሉ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ አባቴ ከመኪና ሥር ሆኖ «ቁልፍ አስራ ሁለት!» ሲል እያቀበልኩ። የሞተር ድምፅ ከሰማሁ ልቤ ይሄዳል። አንድ እሑድ ከሜዳው አቧራ ለብሼ ስመለስ ያየሁትን ለአዴር ፋራህ አወራሁለት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዶሮዎቹ በረንዳዬ ላይ ናቸው።

«መዓሊማ፣ ካንዴላ መፍታት ትችያለሽ?» አለኝ።

«መፍታቱን እችላለሁ። ግን ምን ልታደርግ ነው?»

«ሜዳው ላይ እነዳታለሁ። ከድራ መኪናዋ መዳኗን ታያለች። ከዚያ ምናልባት...» ሒና የነካውን ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ግራዬ እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይቅርታ ብትላትስ? ይረክሳል እኮ።»

«ሞክሬያለሁ። አፌ እምቢ አለኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ቀሚሴን ቀይሬ ከኮፈኑ ሥር ገባሁ። የአየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ወልዳ አሳድጋለች። የነዳጅ ታንኩ ዝጎ ሲወዘወዝ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ፍሬኑ ደርቋል፣ ፍሪሲዮኑ ተጣብቋል፣ ወንበሮቹን ስለ ዶሮዎቹ ስል ባልናገር ይሻላል። በየቀኑ ከክፍል ስወጣ እስከ መግሪብ ሶላት እንሠራለን። የጠፋውን ዕቃ ለድንበር ሹፌሮች እንልክና ይመጣልናል፤ አንዳንዴ ትክክለኛው፣ አንዳንዴ የሌላ መኪና። አዴር ፋራህ በተሳሳተው ጊዜ ሁሉ «ኢንሻአላህ ይገባል» ይላል፤ አይገባም፣ እንሞርደዋለን፣ ይገባል። ጣቶቼ በግራሶ ጠቁረው ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ሒና ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ደዋዖ የተነሳች ቀን መጀመሪያ አስነጠሰች፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ጮኸች። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ዘለልኩ። ኤዶ ከድራ ከማድ ቤት ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። አዳመጠች፣ አዳመጠችና «መዓሊማ፣ ቺንጊያው ይጮሃል፣ ይጠበቅ በይው» ብላ ተመለሰች። አዴር ፋራህ ይህን ሲሰማ እንደ ልጅ ፈነደቀ፤ ቺንጊያውን ወዲያው አጠበቅነው፤ እውነትም ላልቶ ነበር። ቅዳሜ ማታ ግን «ነገ ትምጣና ትይ በያት» ብሎ ሲልከኝ «ሹፌሩ እሱ አይደል? አልመጣም በይው» አለችኝ። ይህን መልእክት ይዤ ከማድ ቤት እስከ በረንዳው ስሄድ እንደዚያ የከበደኝ መንገድ የለም።

እሑድ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ሕጉ ለአንድ መኪና አንድ ሰው ነው፤ መኪኖቹ ተራ በተራ ይለቀቃሉ፣ የደረሰ የቀደመውን በግራ በኩል ያልፋል። አዴር ፋራህ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ደፍቶ፣ ጢሙ ከሥር ወጥቶ ገባ። ሲለቀቅ አጀማመሩ ጉድ ነበር! ቀበሮዋ ጭራዋን እየጣለች ታጠፈች፤ ወጣቶቹ አፋቸውን ያዙ። ወዲያው ከፊቱ ሙስጠፌ የሚባል ስልክ ነጋዴ ላይ ደረሰ፤ አቧራ የሚያቦንን ኤሊ መኪና ይዟል። በቃ፣ እዚያ ተጣበቀ። አንዴ ዞሩ፣ ደገሙ፣ አሁንም ከሙስጠፌ ኋላ ነው። «እለፈው!» ይላል ሕዝቡ። «እለፈው እንጂ፣ አዴር!» እያልኩ ጉሮሮዬ ተላጠ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ዙሩ ባንድ አቅጣጫ ነው፣ ከፊት ማንም አይመጣም። እሱ ግን ራሱን ወደ ግራ እያዞረ ባዶውን ወንበር ያያል። ያኔ ገባኝ፤ «ሂድ» የሚለው ሰው የለም።

ይኼኔ ነው አንድ ባጃጅ መጥቶ ኤዶ ከድራ የወረደችው። ብርቱካንማ ድራ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ማንንም ሳታይ፣ መታጠፊያው ጋ ከመዞሪያው በግራ በኩል ሄዳ ቆመች። አዴር ፋራህ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ወኔውን አሰባስቦ ከሙስጠፌ ኋላ ወጥቷል። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ከፊቱ ባዶ ሜዳ ነው፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ኤዶ ከድራ መዳፏን ዘርግታ ከፍ አደረገች።

«ቆይ!»

ፍሬን ያዘ። ጎማው ሜዳውን አረሰው፣ አቧራው ሁላችንንም ዋጠን። ሲገለጥ ደዋዖ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሙስጠፌ ሄደ። ከኋላ የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ አለፉት። «ነዳጅ ጨርሷል!» «ሽማግሌው ተኝቷል!» ሜዳው በሳቅ አለቀ፣ ስልኩ ሁሉ ወጥቶ ይቀርጻል። እሱ መሪውን ጨብጦ እጇን ብቻ ያያል። እሷም እጇን አላወረደችም፤ የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ በቀስታ «ሂድ» አለችው። ሄደ። መጨረሻ ወጣ።

እኔ በበኩሌ ተናደድኩ! ያን ሁሉ ዝገት የፈተግኩት ለዚህ ነው? ልናገራቸው እየተንደረደርኩ ስደርስ ኤዶ ከድራ የግራውን በር ከፍታ፣ ወንበሩን በሻሿ ጠርጋ ተቀመጠች። አፍንጫዋን ሸበሸበች።

«ፋራህ፣ መኪናው ዶሮ ዶሮ ይሸታል።»

«አጥባታለሁ» አላት።

«በይው» አላለችም። እዚያው እንደ ጅል ቆሜ ቀረሁ። ደዋዖ እያጓራች ስትሄድ እኔ ኤዶ ከድራ በመጣችበት ባጃጅ እንባዬን እየጠረግኩ ወደ ቤት ገባሁ። ንዴቱ የት እንደገባ አላውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ከሚኒባሱ እንደወረድኩ ቤቴ አልሄድኩም፤ በቀጥታ እነሱ ግቢ ነው የገባሁት። ሁለቱም በረንዳው ላይ ነበሩ፤ በግመል ወተት የተፈላ ሻሂ ቀረበልኝ። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየውን ጥያቄ አወጣሁ።

«ኤዶ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ ምን አይተሽ ነው ያስቆምሽው?»

«ምንም» አለች፣ ስኳሩን እያቀረበችልኝ። «ባዶ ነበር። ይቆም እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

አዴር ፋራህ ሳቀ። «ባዶ እንደነበር መች ጠፋኝ? ወጥቼ አልነበር? ወለል ብሎ ይታየኝ ነበር።»

ኤዶ ከድራ ወደ እሱ ዞረች። ይህን እሷም ገና መስማቷ ነው። ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ ከዚያ የእሱን ሻሂ አንስታ ስኳር ጨመረችበትና ራሷ አማሰለችለት።

ማታ ቤቴ ገብቼም ከራሴ ጋር ስሟገት አመሸሁ። ከፊት የሚመጣ ነገር እያለ ቁም ሲሉት መቆም ማንም ያደርገዋል። መንገዱ ወለል ብሎ እየታየ፣ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ አንድ ሰው «ቆይ» ስላለ ብቻ መቆም ግን እኔ እንጃ። ባሌን አንድ ቀን እንዲህ ልሞክረው ብዬ አስቤ ነበር። ቀድሞ እሱ እኔን ቢሞክረኝስ ብዬ ተውኩት።