በስመ አብ ሳይባል የማይበላ ውሻ

«ቦራ! ተው! ተው አልሁህ እኮ!»

ጋሼ መርስዔ ኀዘን ይህን እየጮኹ፣ አንድ እግራቸው ጫማ አጥልቆ ሌላው ባዶውን፣ ከግቢያቸው በር እስከ ሐይቁ ዳር መንገድ በሩጫ ወረዱ። ጋቢያቸው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ በሳቅ ይሞት ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም ጥርሱን አላሳየም። ከዋርካው ሥር ቦራ የሚሉት ውሻቸው ሥጋ በአፉ ይዞ ቆሟል። ሥጋው የቀበሌ ሥጋ ነው። የቀበሌ ሥጋ ደግሞ ዛሬ መርዝ ነው።

ቦራ ጌታውን አየ። ጆሮውን ጣለ። «ይቺን ብቻ» የሚል ይመስል ጅራቱን አንዴ ወዘወዘ።

«ተው!»

አፉን ከፈተና ሥጋውን መሬት ላይ ጣለው።

ጋሼ መርስዔ ደረሱበት፣ አንገቱን አቀፉና አፉን ፈልቅቀው አዩ፤ ምላሱን፣ ጉንጩን፣ ከጥርሱ ሥር ሁሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ጎትተው ወስደው፣ ውኃው ወደ ሆዱ እንዳይገባ አናቱን ወደ ታች ደፍተው አፉን ደጋግመው አጠቡት። ይህ የሆነው ልክ ከቀትር በኋላ ነበር። አሁን ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትተኛ ነው፤ ጋሼ መርስዔም ከማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ውሻቸውን ያዩታል። እግሩ አልተንቀጠቀጠም፣ አረፋ አልደፈቀም። መርዙ ሆዱ ገብቶ ቢሆን እስካሁን ባልቆየ ነበር። ተርፏል።

ግን ቦራ ከመሬት የወደቀ ነገር የሚያነሳ ውሻ አይደለም። ዛሬ ምን ነክቶት አነሳ? እሱን ለመናገር ከሰውየው መጀመር ይሻላል።

ጋሼ መርስዔ የደቅ ደሴት ልጅ ናቸው። አባታቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸውንም ገና ለጋ ሳሉ ከየኔታ ገብረ ኪዳን ዘንድ ቅኔ አስገቧቸው። የቆሎ ተማሪ ኑሮ ይታወቃል፤ አኮፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ቁራሽ መለመን ነው። የተማሪ ትልቁ ጠላት ደግሞ ረኃብ አይደለም፣ ውሻ ነው። ጓደኞቻቸው ዱላ ይዘው ይሄዱና ተነክሰው ይመለሳሉ። መርስዔ ባዶ እጃቸውን ሄደው የመንደሩን ውሻ ሁሉ አስከትለው ይመለሳሉ።

«ምን አስነክተሃቸው ነው?» ይሏቸው ነበር።

ምንም አላስነኳቸውም። ውሻ ሲመጣባቸው አይሮጡም፤ የሚሮጥን ማሳደድ ለውሻ ጨዋታ ነው። ዓይን ዓይኑን አያዩትም፤ ይሄ ለውሻ «ና ይዋጣልን» እንደማለት ነው። ጎናቸውን ሰጥተው ቀጥ ይላሉ፣ እጃቸውን ወደ ታች ይለቃሉ፣ አሽትቶ እስኪጠግብ ይጠብቁታል። ከዚያ ከቁራሹ ይቆርሱለታል። ችግሩ መቁረሱ ላይ ነበር። ሌላው አኮፋዳውን ሞልቶ ሲገባ የሳቸው ባዶ እየሆነ አስቸገረ። በመጨረሻ የኔታ አስጠርተው፣ «አንተ ልጅ፣ የኔ ጉባኤ ለሰው ነው» አሏቸው።

መርስዔ እጅ ነሥተው ወጡ፤ ታንኳ ተሳፍረው ባሕር ዳር ገቡ። ዛሬ የአሳ ማኅበሩ መጋዘን የቀን ዘበኛ ናቸው። ከቅኔው የቀራቸው ነገር የለም፤ ከውሻው ግን ምንም አልጠፋቸውም።

ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ውሻ ያለው ሁሉ ወደሳቸው ነው የሚመጣ። ጎረቤታቸው ሣህሉ ለምሳሌ፣ ከአዲስ አበባ ለፋብሪካ ሥራ የመጣ ልጅ ነው፤ ቡችላ አገኘና ጃክ ብሎ ሰየመው። አንድ ቀን ጫማ በእጁ አንጠልጥሎ መጣ። የጫማው ግማሽ የለም።

«ጋሼ፣ ጃክ በላው። ገረፍኩት፣ አሁን ደግሞ ሳየው ይሸሸኛል።»

«መቼ ነው የበላው?»

«ጠዋት መሰለኝ።»

«መቼ ነው የገረፍኸው?»

«ማታ፣ ከፋብሪካ ስገባ። እየዘለለ ሊቀበለኝ መጣ፣ ያዝኩና ለመጥኩት።»

«እንግዲያው የገረፍኸው ጫማ ስለበላ አይደለም፣ ስለተቀበለህ ነው። ውሻ የጠዋቱን ከማታው አያገናኝም። አፉ ጫማው ላይ ሳለ ካልያዝኸው ዝም በለው፣ ጫማህንም ከፍ አድርገህ ስቀል። ሹምህን ደኅና አደሩ ስትለው በጥፊ ቢልህ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ሣህሉ ወደ አጥሩ ግራ ቀኝ አየ፤ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ዝም ነዋ የምለው፣ ጋሼ።»

ሁለቱም ሳቁ። ግን ብዙ አልሳቁም፤ ዘመኑ ብዙ የሚሳቅበት አይደለም።

ምግቡንም እንዲሁ ነው የሚያስተምሩ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጡ፣ ሲሰነጠቅ እንደ መርፌ ነው፣ አንጀት ይበሳል። ሊጥ አትስጡ፣ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል። በርበሬና ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ሲተርፍ ለውሻ አትድፉ። ውኃ ከፊቱ አይጥፋ። እሳቸው ለቦራ የአምባዛ ጭንቅላት ከማኅበሩ ያመጡና፣ አጥንቱ በጣት እስኪፈርስ ይቀቅላሉ፤ ከዚያ ያቀዘቅዙና በእንጀራ ፍርፋሪ ይለውሱታል። የሚቀቅሉት ግን ከቤቱ ጓሮ በዘይት ቆርቆሮ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትዓለም ሁዳዴ ሲገባ አሳ ወደ ማጀት አያስገቡም።

«ቦራ ክርስትና አልተነሣ» ቢሏቸው፣

«ድስቴ ግን ተነሥቷል» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም፤ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ከቦራ በፊት አንዲት ውሻ ነበረቻቸው። በቀበሌ መርዝ ነው የሞተች፤ እጃቸው ላይ። ያን ጊዜ ማሉ፦ ከእንግዲህ ውሻዬ ሳይታዘዝ አይበላም። ቦራን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቡችላ ሆኖ ሲያመጡት በዚያው ሳምንት ጀመሩ። ቁራሽ በእጃቸው ይይዙና ይጨብጣሉ። ቦራ ያሸታል፣ ይልሳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል። ዝም ይሉታል። ተስፋ ቆርጦ ወደ ኋላ ሲቀመጥ ያን ጊዜ እጃቸውን ይከፍቱና የፈቃድ ቃል ይሉታል። ዱላ የለ፣ ቁጣ የለ። ቆይተው ከመዳፋቸው ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ መንገድ አወጡት። ውሎ አድሮ ቦራ ሙሉ የበግ ሳንባ አጠገቡ ወድቆ፣ ቃሉ ካልተባለ ለሃጩን እያዝረከረከ የሚቀመጥ ውሻ ሆነ።

ቃሉን ማን መረጠው? ማንም። እሳቸው የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ ምግብ ሲነካ አፋቸው የሚለው አንድ ነገር ነው። «በስመ አብ» አሉ፣ እጃቸውን ከፈቱ፣ ቦራ በላ። በዚያው ጸና። ሰፈሩም ወደደው። «ከባሌ ይልቅ የሚጾም የሚጸልይ የጋሼ መርስዔ ውሻ ነው» ይባል ጀመር። ጋሼ መርስዔም ኮሩ። አገሬው ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚለውን ቃል ለውሻ ቁልፍ አድርገው መስጠታቸው ለአንድ ቀን እንኳ አልታያቸውም።

ትናንት ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ። ከገበያው በኩል ያበደ ውሻ ሰው ነክሷል፤ ስለዚህ ለሁለት ቀን የውሻ ማጥፋት ዘመቻ ይካሄዳል፣ ያልታሰረ ውሻ ባለቤቱ ይወቅበት። ጋሼ መርስዔ ቦራን ከማንጎው ጋር በገመድ አሰሩ። የአንገቱን ማሰሪያ ራሳቸው ለኩት፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ፣ ከዚያ ከጠበቀ ያንቃል፣ ከሰፋ ያመልጣል። ዛሬ እሳቸው ምሳ ሲበሉ ወይዘሮ እናትዓለም ወጡና አዘኑለት። «አንገቱን ቆረጠው እኮ» ብለው አላሉለት። ሁለት ጣት የነበረው ሙሉ እጅ ሆነ።

ቦራ ጭንቅላቱን አሹልኮ በአጥሩ ቀዳዳ ወጣ፤ የሥጋው ሽታ ወደ ዋርካው ወሰደው። ዋርካው ሥር ባልዲ ይዞ የቆመው አገኘሁ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ፣ አሁን አብዮት ጥበቃ። የቀበሌው ካድሬ ከመንገዱ ራስ ሆኖ ከኋላ ያያል። አገኘሁ ቦራን ያውቀዋል። ሥጋው እግሩ ሥር ወድቆ ሳለ ቦራ ሳይነካው ቁጭ ሲል አየና በልቡ ደስ አለው። ከዚያ ሌላ ቁራጭ ከመንገዱ ማዶ ሊጥል እጁን እንደገና ባልዲው ውስጥ ሰደደና፣ እናቱ እንዳሳደገችው፣ አፉ ራሱ «በስመ አብ» አለ።

ቦራ ሥጋውን አነሳ። ጋሼ መርስዔ ገመዱን ባዶ አይተው ሊፈልጉት ጫማ ሲያጠልቁ፣ ይህን ከበራቸው አዩት፣ ሰሙትም። አንዱን ጫማ አጥልቀው ሌላውን አልጠበቁም።

አሁን አገኘሁ ባልዲውን ቀበሌ መልሶ፣ እጁን በአመድ ፈትጎ መጥቷል። ማንጎው ሥር ቆሞ ይቁለጨለጫል።

«ጋሼ፣ እውነት ብያለሁ?»

«ብለሃል።»

«ጮክ ብዬ?»

«ቦራ እስኪሰማህ።»

«ካድሬው ሰምቶ ይሆን? ዘመቻ ላይ በስመ አብ አለ ብሎ ቢይዝብኝ...»

«ሰምቶ ቢሆን እሱም ሥጋውን ባነሳ ነበር» አሉ ጋሼ መርስዔ።

አገኘሁ ሳይወድ ሳቀ። ሣህሉ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጥ ነበርና እሱም ፈነዳ። ወይዘሮ እናትዓለም ብቻ አልሳቁም፤ ቦራ አጠገብ ቁጭ ብለው የአንገቱን ማሰሪያ በሁለት ጣታቸው እየለኩ ነው።

«ነገስ?» አሉ። «ነገ ማን ነው የሚመጣ?»

«እኔ አይደለሁም። ማንን እንደሚመድቡ አልሰማሁም» አለ አገኘሁ።

«እንግዲያው ነገ ቤት ውስጥ ይዋል። አልጋዬ ሥርም ቢሆን ይተኛ።»

«ነገ ይዋል» አሉ ጋሼ መርስዔ። «ከነገ ወዲያስ? የተጣለውን ሥጋ ቁራ እያነሳ በየጓሮው ይጥለዋል። ያለፈው ጊዜም ያችን የፊቷን ውሻ የገደላት ቁራ የጣለው ነው። ዝም ብሎ ወድቆ ቢያገኘው ቦራ አይነካውም፤ አጠገቡ አንድ ሰው በስመ አብ ካለ ግን አለቀ። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በስመ አብ የማይባልበት ሰዓት የለም። ቃሉ ይለወጥ።»

«አብዮት በሉት» አለ ሣህሉ።

«በቀን መቶ ጊዜ የሚባለውን? ሆዱ ይፈነዳል!»

«የናቴን ስም አድርገው» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም። «አንተ ጠርተሃቸው አታውቅም።»

ጋሼ መርስዔ ድንገት ብቻቸውን ሳቁ። ደቅ ሳሉ፣ ተማሪዎቹ ከቁራሹ ተደብቀው ሲበሉ አንዱ ዘብ ይቆማል፤ መምህሩ ከመንገዱ ብቅ ያሉ እንደሆነ «የኔታ መጡ!» ይላል፤ አፍ ሁሉ ይዘጋል። ሥጋ ይዞ በዚህ ከተማ «የኔታ መጡ» የሚል ሰው ከየት ይመጣል?

ቁራሽ ጨበጡ። ቦራ አሸተተ፣ ላሰ፣ ወደ ኋላ ተቀመጠ።

«የኔታ መጡ» አሉና እጃቸውን ከፈቱ።

ቦራ ዞር ብሎ በሩን አየ። ማንም አልመጣም። ሁሉም በሳቅ ወደቁ፤ ወይዘሮ እናትዓለም እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና። ቆይቶ ቦራ ግራ እንደገባው ቁራሹን ከመዳፋቸው በጥርሱ ጫፍ አነሳ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉት፤ ጀርባውን ዳበሱት። አዲስ ቃል ማስተማር ቀላል ነው። አሮጌውን ማስረሳት ነው የሚከብድ፤ ይሄ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እየደጋገሙ፣ ሳይሰለቹ፣ አሮጌውን ቃል እየሰማ ምንም ሳይሰጡት።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የሣህሉ ባለቤት ማዕዱን ዘርግታ «በስመ አብ» ስትል ተሰማ። ቦራ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ለሃጩ ጠብ አለ።

ሳቁ ቆመ። ጋሼ መርስዔ አንገቱን ይዘው አስቀመጡት፤ እንደገና ቁራሽ ጨበጡለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይረሳው ይሆን?» አሉ ወይዘሮ እናትዓለም።

«እንጃ» አሉ ጋሼ መርስዔ። «አላውቅም።»