በሁለት ግቢ መካከል የነበረችው ማለፊያ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። በታሪኩ ውስጥ የሞተ ሰው የለም፤ የታሰረም የተሰደደም የለም። ልጅ የነበርኩበት ዘመን ለብዙዎች ከባድ እንደነበር ካደግሁ በኋላ ሰምቻለሁ። የእኛ ሰፈር ግን ጸጥ ያለ ነበር፤ እኔም የማስታውሰው አንዲት ፍየል፣ አንድ ሳንቃና አንድ አጥር ነው። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍል ስሄድ የዩኒቨርሲቲው አትክልተኛ አጥር ሲከረክም ደረስኩ። የተቆረጠው እርጥብ እንጨት ሽታ አስቆመኝ። ደብተሬን እንደታቀፍኩ እዚያው ቆሜ፣ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው የገባሁት። ስለዚህ እንደሚሆን አድርጌ ልጻፈው።

ያደግሁት ጂንካ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ካለው ሰፈር ነው። ማረፊያው ሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በቀረው ቀን የከተማው ላሞች ይግጡበታል። ከሰፈራችን የሚሰማው ድምፅ ጥቂት ነው፦ ከሰዓት በኋላ የርግቦች ጉርምርምታ፣ የበሰለ ማንጎ ሣር ላይ ሲወድቅ ዱብ የሚለው፣ ዝናብ ከተራራው ተነስቶ ቆርቆሮ በቆርቆሮ እየቀረበ ሲመጣ። ልጆች የሁሉም ነበርን። የደረስንበት ቤት እንበላለን፤ ካጠፋን ደግሞ ቀድማ ያየችን እናት ትቆጣናለች።

ከእኛ ጎን የሚኖረው በጤና ጣቢያው ቁስል የሚያክምና መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር። የአሪ ተወላጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ሰው። ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይለዋል። አባቴ አስተማሪ ስለሆነ እሱም አባቴን «መምህር» ይለዋል። የድሬሰሩ ሴት ልጅ የክፍሌ ልጅና ጓደኛዬ ነበረች።

በሁለታችን ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ ማለፊያ ነበረች። ማን እንደከፈታት ማንም አያስታውስም። ስፋቷ አንድ ሰው ወደ ጎን ሳይዞር የሚያሳልፍ ያህል ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሸክላ ስባሪ እሳት ልትጭር በዚያ ትሄዳለች፤ የድሬሰሩ ሚስትም ጨው ሲያልቅባት በዚያ ትመጣለች። አንድ ደንብ ብቻ ነበር፦ መጨረሻ ያለፈ ሰው ማለፊያዋን የሚዘጋውን ሳንቃ መልሶ ያቆማል። ድሬሰሩ አንዲት ነጭ ፍየል ስለነበረችው ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለን፣ የካቲት ውስጥ ነው፣ አባቴ ማንጎው ሥር ተቀምጦ የተማሪዎቹን የሒሳብ ፈተና ያርም ነበር። ምሳ ደርሶ እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ፤ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ተወው። እኔና ጓደኛዬ እኛ ግቢ ገበጣ እንጫወት ነበር። በዚህ መሐል የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። አውሮፕላን ሲመጣ ላሞቹን ከሜዳው ማባረር የሰፈሩ ልጆች ሥራ ነበር፤ ማንም አላዘዘንም፤ ግን ቀድሞ የደረሰ ቀኑን ሙሉ ይኮራል። በማለፊያዋ በኩል ሮጥን። እሷ ቀደመች፤ እኔ ተከተልኩ። ሳንቃውን አላቆምኩም።

አቧራ ለብሰን ስንመለስ አባቴ የታኘከ ወረቀት በእጁ ይዞ አጥሩ ሥር ቆሟል። ፍየሏ የሰባት ተማሪዎችን ፈተና በልታለች።

«ጓድ ድሬሰር!» ብሎ ተጣራ። «ጓድ» ብሎት አያውቅም። «ፍየልህ ትምህርቷን ጨርሳለች! የቀራት ሰርተፊኬት ብቻ ነው!»

ድሬሰሩ ወጥቶ ወረቀቱን አየ፤ በዚያ ትልቅ ሳቁም ሳቀ። «ታዲያ መምህር፣ ስንት አገኘች?»

ሌላ ቀን ቢሆን አባቴም ይስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ለርእሰ መምህሩና ለሰባት ልጆች የሚለው ነገር አልነበረውም። «ሳንቃ መዝጋት ያልቻለ ሰው፣ የሰው ልጅ መርፌ እንዴት ይወጋል?» አለው።

የድሬሰሩ ሳቅ ሲጠፋ አየሁ። ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ሳንቃውን የተውሽው አንቺ ነሽ?» አላት። ጓደኛዬ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ መሬት አየች። አባቷ ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጠረው። ያን ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ከግቢ እንዳትወጣ ተከለከለች። ፍየሏም ቅዳሜ ገበያ ወጣችና ተሸጠች። አባቷ ሲጠይቃት እኔ እናቴ ጀርባ ቆሜ ነበር።

ከጠቡ በማግስቱ አባቴ ከወንዙ ዳር አምስት የቆርች ቅርንጫፍ ቆርጦ መጣ፤ እሾሃማና ወፍራም ነው። ማለፊያዋ ላይ አንድ በአንድ ተከለው። «ለጊዜው ነው» አላት እናቴን፤ «ይቅርታ እስኪጠይቀኝ ድረስ።»

የድሬሰሩ ሚስት ከወዲያ ማዶ ሆና ስታይ ቆይታ፣ «እትዬ፣ ይሄ እንጨት እኮ አይሞትም። ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል» አለቻት እናቴን።

እናቴ ለአባቴ ነገረችው። አባቴ በቆርቆሮ አጥር መካከል ያደገ የከተማ ሰው ነው። «ከተቆረጠ እንጨት ምን ይበቅላል?» ብሎ ሳቀባት።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ገባ። ሰፈሩ ረጠበ፤ ሣሩ ሸተተ። በሚያዝያ አምስቱም ቆርቾች ቅጠል አወጡ። አባቴ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ ቅጠሉን አየውና መፋቁን አቆመ። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ይተላለፋሉ። እናቴ ክብሪት መግዛት ጀመረች። ጨው ያለቀባት የድሬሰሩ ሚስት በዋናው መንገድ ዞራ፣ እንግዳ መስላ በበር ታንኳኳ ነበር።

እኔና ጓደኛዬ በቆርቾቹ መካከል ጣታችንን እናሾልክ ነበር። የተጠበሰ በቆሎ ፈልፍላ በእፍኟ ትሰጠኛለች፤ እኔ ደግሞ የአባቴን ቀይ እስክሪብቶ አውሳታለሁ። ስለ ፍየሏ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ቢያንስ ብትሰድበኝ እል ነበር። በየቀኑ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ በየቀኑም ግንዱ ትንሽ ይወፍራል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ከገበያ ተመልሳ ዘንቢሏን ሳታወርድ፣ «ዶክተር ወደ ኦሞራቴ ተዛወረ። ቤተሰቡን ይዞ ነው የሚሄደው» አለች።

አባቴ ምሳ እየበላ ነበር። ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እኔም ሳላስበው፣ «ሳንቃውን የተውኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ይመታኛል ብዬ ነበር። አባቴ አየኝ። «ከየካቲት ጀምሮ?» ብቻ አለ። ተነስቶ እጁን ሳይታጠብ ገጀራ ይዞ ወጣ።

መጀመሪያ አንዱን ቆርች ይዞ ነቀነቀ። አልተነቃነቀም፤ ሥር ሰዷል። ለሁለተኛ ጊዜ ሞከረ፤ እሾሁ እጁን ወጋው። ከዚያ ራሱን ወደ አጥሩ አስጠግቶ፣ «ዶክተር!» ብሎ ተጣራ።

ድሬሰሩ የራሱን ገጀራ ይዞ ከወዲያ መጣ። አባቴ፣ «ያን ቀን አንድ ጥያቄ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ፍየሏ ስንት አገኘች ብለህ» አለው።

«ታዲያ?»

«ከኔ በልጣለች።»

ያ ሳቅ ተመለሰ። ድሬሰሩ የአባቴን እጅ ይዞ እሾሁን በጥፍሩ ነቀለለት። «አይዞህ መምህር፣ መርፌ መውጋት ባልችልም እሾህ እነቅላለሁ» አለው። አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ አንዱ ከወዲህ ሌላው ከወዲያ ሆነው ቆርቾቹን ከሥር ቆረጧቸው። የእርጥብ እንጨቱ ሽታ ሁለቱንም ግቢ ሞላው። ዛሬ ጠዋት ያስቆመኝ ያው ሽታ ነው።

ማለፊያዋ ዘጠኝ ቀን ክፍት ሆና ቆየች። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እናቴ ክብሪት አልጫረችም።

የሄዱ ዕለት የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ ጓደኛዬ በማለፊያዋ መጣች። ቀዩን እስክሪብቶ ልትመልስልኝ ነው። ስንት ወር ያስጨነቀኝን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኋት፦ «ለምን እሷ ናት ብለሽ አልተናገርሽም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ስትመለስ ሳንቃውን ከኋላዋ አቆመችው፤ ፍየል እንኳ በሌለበት ግቢ።

ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። እስክሪብቶው ቀለሙ ካለቀ ቆይቷል፤ አሁንም የደብተሮቼ ሳጥን ውስጥ አለ። እንዲህ ያለውን ነገር ዛሬ ቶሎ የምናገር ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

እነሱ የለቀቁትን ቤት የተከራዩት ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ሰላም ብለውን ያልፋሉ፣ በዋናው በር ይገባሉ። በማለፊያዋ የሚሄድ ሰው ስላልነበረ የተቆረጡት ጉቶዎች ያለ ከልካይ አቆጠቆጡ። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን እየፋቀ ያያቸው ነበር፤ ገጀራውን ግን አላነሳም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ትከሻዬን አጥብቤ፣ ወደ ጎን ዞሬ፣ ልለፍባት እሞክራለሁ። መጀመሪያ አለፍኩ፤ ቆይቶ ቀሚሴን ያዘኝ። እጄን ብቻ የሚያሳልፍ ሆነ፤ በመጨረሻም እጄንም አላሳለፈኝም። ያም የሆነው እነሱ ከሄዱ ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 1975 ዓ.ም. ነው።