ንፍሮ በልቼ ተሰደድሁ

ከባሕር ዳር የወጣሁት እሑድ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ ነው። የሚያሳድዱኝ ጎረምሶች ቅዳሜ ሲጠጡ ስለሚያድሩ እሑድ እስከ ረፋድ ይተኛሉ። ከከተማው መውጫ፣ ሰባታሚት ላይ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጠበቀኝ። እናቴ በሶ ቋጥራልኝ ነበር፤ እሱን ሳልፈታ አዲስ አበባ ደረስሁ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ባጃጅ እነዳ ነበር። የባጃጁን ተራ ሁለት ቡድን ይሻማበታል፤ የገበያ ልጆችና የሐይቅ ዳር ልጆች። እኔ የገበያ ነኝ፤ ወድጄ ሳይሆን እዚያ ስለተወለድሁ። አንድ ቀን ተራው ላይ ተጣሉና የእትዬ ውዴ ልጅ፣ የሐይቅ ዳሩ፣ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። እትዬ ውዴ ደግሞ የእናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። ታዲያ እንዴት ለቅሶ አልደርስም? ሄድሁ፣ ድንኳን ገባሁ፣ ንፍሮ ዘገንሁ። በቃ!

የገበያዎቹ «የጠላት ንፍሮ በላህ፤ ከዳኸን» አሉኝ። የሐይቅ ዳሮቹ ደግሞ «ሊሰልለን ነው የመጣው» አሉ። ሁለቱም በየፊናቸው ጩቤ ይዘው ያፈላልጉኝ ጀመር። እግዜር ያሳያችሁ፣ በአንድ ጭብጥ ስንዴ!

በሞያሌ በእግሬ ተሻግሬ ናይሮቢ ስገባ የስደተኛ ቢሮ ወሰዱኝ። የምትጠይቀኝ አንዲት ሴትዮ ናት፤ አስተርጓሚው ግን ያገሬ ልጅ ነው።

«ለምን ተሰደድህ ትልሃለች» አለኝ።

«ንፍሮ በልቼ።»

ሴትዮዋ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«የተቀቀለ ስንዴና ሽንብራ» አልኋት።

ጻፍ ጻፍ አደረገችና ቀና አለች። አስተርጓሚው ሳቁን አፍኖ «የምግብ መመረዝ ከሆነ ሐኪም ቤት ሂድ ነው የምትለው» አይለኝም!

እዚህ ኡጋሊ የሚሉት ገንፎ አለ፤ ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው። አሳቸውም የጣናን ቆሮሶ አያህልም። ክፍል ሦስት ጊዜ ቀየርሁ። ባጃጅን ቱክቱክ ይሉታል፤ በር ላይ በቆመ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ደወለች።

«እልል በል ልጄ! ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። ተራውን ለሁለት ተካፈሉት፤ እትዬ ውዴም ይቅር አሉ።»

ዘልዬ ተነሣሁ። «በይ ሻንጣዬን ላሰናዳ! ለፋሲካ እደርሳለሁ።»

«ቆይ እስቲ» አለች።

«እማዬ?»

«አትምጣ ልጄ።»

«ታርቀው የለ እንዴ?»

«ታርቀዋል። ግን ጠቡን ያመጣው ማን ነው ሲባል፣ ሁለቱም አንተን ጠሩ። ወሬ እያመላለሰ ያጣላን እሱ ነው ብለው ማሉ። እንዲያ ብለው ነው የተስማሙት።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኛ ነና እዚህ የምንኖረው። ምን ልበል ልጄ? ዝም አልሁ።»

«ደግ አድርገሻል» አልኋት። ከልቤ ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም።