ወንድሜን ይዤ ደብረ ብርሃን

በደርግ ጊዜ፣ በጥቅምት ወር፣ ታናሽ ወንድሜን ተሰማን ይዤ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄድኩ። ሰውነቱ አልቆ ነበር። ሆዱ ውስጥ ያለው እብጠት በቀዶ ጥገና የሚወጣ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ነበር ጉዟችን።

ጠዋት ገብስ የጫነ መኪና አገኘን። ሹፌሩ ሦስት ሦስት ብር ተቀብሎ ተሰማን ከጎኑ አስቀመጠው፤ እኔ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ጉሙ ከቆላው እየተነሣ መንገዱን ይሸፍነዋል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ወንድሜ ሲያቃስት እሰማለሁ። ኬላ ላይ አንድ ታጣቂ የይለፍ ወረቀታችንን አገላብጦ አየና፣ «በሽተኛው የቱ ነው?» አለ።

«ካልለየኸኝማ ድኛለሁ» አለው ተሰማ።

ታጣቂው ስቆ አሳለፈን።

ሆስፒታሉ

ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ከመረመረው በኋላ ሰገራው ላይ ደም ማየት የጀመረው መቼ እንደሆነ ጠየቀው።

«ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የኮሶ ትል መስሎኝ ኮሶ እጠጣለሁ። ደሙ ሲብስ እኔም መጠኑን እጨምራለሁ።»

ስለ ደሙ ገና መስማቴ ነበር። በእኛ ቤት ወንድ ስለ ሰገራው ለእህቱ አይናገርም፤ እህትም አትጠይቅም።

«አባታችሁስ በምን ሞቱ?»

«ሆዳቸውን አሟቸው» አልኩ። «እሳቸውም ኮሶ ያበዙ ነበር።»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ተሰማ አስጠጋ። «አንጀት በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ለእያንዳንዷ ሕዋስ ከውጭ መልእክት ይደርሳታል። መልእክቱ በቅብብሎሽ ወደ ሕዋሷ ውስጥ ይገባና አንዱን ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የወረስነውን መመሪያ፣ ያሠራል፣ ሌላውን ዝም ያሰኛል። ተባዢ የሚል አለ፤ ይብቃሽ የሚል አለ። የእርስዎ ላይ ይብቃሽ የሚለው ተበላሽቷል፤ ሕዋሷ ሳታቆም ተባዝታ እብጠት ሆነች። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ብልሽቱ ከወላጅ ይወረሳል።»

«እንደ ሊቀመንበራችን በለኛ!» አለ ተሰማ። «እሱንም ይብቃህ የሚለው ጠፋ።»

«አንተ! ዝም በል!» አልኩት። ሐኪሙ በሩን ገልመጥ አደረገ፤ አልሳቀም።

«በቀዶ ጥገና ይወጣል?» ስል ጠየቅኩ።

«ጉበቱ ላይ ደርሷል። ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን…» አለና ተወው። ሲያሰናብተን፣ ከተሰማ ልጆች ሰገራው ላይ ደም የሚያይ ካለ ሳይውል ሳያድር እንዳመጣው አዘዘኝ።

መልስ

በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለስን። ተሰማ ሐኪሙ የሰጠውን የማስታገሻ ክኒን ኪሱ ከትቶ፣ መስኮቱን ተደግፎ ተኛ። ሜዳው ላይ ገብሱ ደርሶ ነበር፤ አልቀሰቀስኩትም።

ቤት ስንገባ አንድያ ልጁ ጥሩወርቅ እግሩን አጠበችው። ጓዳ ጠርቼ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። ይህ መንገድ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር የሚያሳፍረውን መጠየቅ ነው፤ ሰገራዋ ላይ ደም ታይ እንደሆነ ጠየቅኳት።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ማየት የጀመርኩት ከፋሲካ ወዲህ ነው፣ እትዬ።»

ተሰማን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን፣ ሲነጋ ሁለታችን ወጣን።