የኡሙሃኒ ወንጭፍ

አክስቴ ኡሙሃኒ ቅናቷን ደብቃ አታውቅም። ሌላው ሰው ሆዱ ሲቃጠል «ራሴን አመመኝ» ይላል፤ እሷ ግን «ቀናሁ» ትልና ትገላገላለች። ከጎብዬ በታች በነበረው ሰፈራቸው ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የምትኮራበት ነገር አንድ ነበር፤ ወፍ ማወቅ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥታ ግሪሳ በወንጭፍ ስትመልስ ነው ያደገችው። መንጋው ገና ከሩቅ ሲመጣ የተራበ ይሁን የጠገበ ከአበራረሩ ትለያለች። የተራበው ከፍ ብሎ ይፈጥናል፤ የጠገበው ዝቅ ብሎ ይከብደዋል። ጎረቤቱ ሁሉ በዓይኗ ይመካባት ነበር።

ባሏ ታሂር ሰይዳን ከዋጃ አምጥቶ ሲደርብባት ቅናቷ እንደማንኛዋም ጣውንት ነበር። ሰይዳ ወለደች፤ ኡሙሃኒ አልወለደችም፤ ይህንንም አንጀቷ እያረረ ቻለችው። ያልቻለችው ሰይዳ ማማ ላይ የወጣች ዕለት ነው። ልጅቱ ለካ እሷም ወፍ ታውቃለች! «ባሌን ወሰደች፣ ልጅም እሷ ወለደች። ወፉን እንኳ ብትተውልኝ ምን አለበት?» እያለች ለሰሚው ሁሉ ታማርር ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ድርቅ መጣ። ከወፍ የሚጠበቅ ማሽላ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰዉም እየተነሳ ወደ መኪና መንገዱ ወረደ። በስልሳ ስድስት መጋቢት ላይ፣ ትንሽ የበልግ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ፣ በሰፈሩ የቀሩት ተሰብስበው መከሩ። ወፉ የሚለቅመው የሳር ፍሬ ካለ ለሰውም ይሆናል፣ ግሪሳውን እንከተል ተባለ። ስልቻና ሰፌድ ይዘው ወጡ።

ግሪሳ መከተል የራሱ ወግ አለው። ጫጫታ ስለሚያስደነብረው ዓይን ያለው ሰው ኩይሳ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ከታች ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያየው ሰው አይናገርም፤ ወደሚኬድበት አቅጣጫ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል። ድንጋዩ ከተወረወረ በኋላ ክርክር የለም።

ባዶውን እርሻ አቋርጠው ከኩይሳው ሲደርሱ ኡሙሃኒ ወጣች። ታሂር ወደ ሰይዳ ዞሮ፣ «አንችም ውጭና እይ» አላት። ይቺ «አንችም» የኡሙሃኒን አንጀት ቆረጠችው።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። መንጋው ከጎሊና ወንዝ ማዶ ካለው ረግረግ ተነስቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከብዶት፣ ወደ ግራሩ ጫካ ሲያልፍ ሁለቱም አዩት። ልጇን ያዘለችው ሰይዳ ጠጋ አለችና፣ «እትዬ፣ ጠግበው ወደ ማደሪያቸው መግባታቸው ነው። ፍሬው ያለው ረግረጉ ውስጥ ነው» ብላ አንሾካሾከች።

ልክ ነበረች። ኡሙሃኒም ይህን ከእሷ ቀድማ አውቃዋለች። ግን የሰይዳ ልክ መሆን አንገበገባት። ወንጭፏን አሽከረከረችና ድንጋዩን ወደ ጫካው ለቀቀችው።

ጫካው ሲደርሱ ግራሩ በወፍ ጠቁሯል፣ መሬቱ በኩስ ነጥቷል፤ ሳር የሚባል ነገር ግን የለም። ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ፈንታው ሽቅብ አየና፣ «በይ እንግዲህ ኡሙሃኒ፣ ወፉን አሳየሽን። እናንተ ከያዛችሁ ብሉ፤ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ» አለ። የሚይዝም አልተገኘም። መሸባቸውና እዚያው አደሩ።

በማግስቱ ግሪሳው ከጫካው ተነስቶ ወደ ረግረጉ ሲከንፍ ሁሉም ተከተለው። ሲደርሱ ሳሩ ታጭዷል። ከዋጃ በኩል የመጡ ሰዎች ማታውኑ ቀድመዋቸዋል። ከጭቃው ዳር የተረፈውን ለቃቅመው ለየጎጆው አንድ አንድ እፍኝ ደረሰ።

ታሂር በገነ። «ኡሙሃኒ! ትናንት ምን አይተሽ ነው እዚያ ጫካ ያስገባሽን?»

ኡሙሃኒ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሰይዳ ቀደመች። «እኔ ነኝ ያሳሳትኋት። ጫካው ነው ያልኋት እኔ ነኝ።»

ታሂር ፊቱን ወደ ሰይዳ አዙሮ የስድብ ናዳ አወረደባት። ኡሙሃኒ ለአፍታ ቀለል አላት። ወዲያው ግን ሌላ እሳት ተነሳባት። ባሉ የሷ፣ ልጁ የሷ፣ ዓይኑ የሷ፤ አሁን ደግሞ ደግነቱም የሷ ሊሆን ነው!

«ወላሂ ውሸቷን ነው!» ብላ ጮኸች። «ረግረጉ ነው ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ አውቄ ወደ ጫካ የወረወርኩት። ቀንቼ ነው!»

ፈንታው አንገቱን ደፋ። ኡሙሃኒ የማንንም ፊት ሳታይ ሄደችና የድርሻዋን እፍኝ በሰይዳ ስልቻ ውስጥ ገለበጠችው።

«ኧረ እትዬ፣ አንችስ?» ብላ ሰይዳ እጇን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ! ብይና ልጁን አጥቢ። ደጓ አንች ብቻ ነሽ ያለሽ ማነው?»